ውኃው የት ይተኛል?

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰች ሴት ዳባት ወዳለው ቢሮአችን መጣች። በእጇ ተጠቅልሎ የታሰረ የማዳበሪያ ከረጢት ይዛለች። ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች የሐዘን ልብሷን አይተው መንገድ ለቀቁላት። ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ ከረጢቱን አስቀመጠችና፣

«የመንግሥት ንብረት ነው፤ አባባ አርባዬ ሳይወጣ መልሺ ብሎ አዞኛል» አለች።

ሳልፈታው አወቅሁት። ውስጡ ያለው የሃምሳ ሜትር የብረት ሜትር ነበር። ዝገት እንዳይበላው በቅባ ኑግ ታሽቷል፤ እጀታው ላይ የማውቃት የጠፍር ማሰሪያ እንዳለች ናት። አያ ማሩ እግራቸው ደክሞ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቢሮው በሳተላይት ፎቶ መሥራት ስለ ጀመረ ሜትሩን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኔም ረስቼው ነበር። እሳቸው ግን አልረሱም።

«መቼ ዐረፉ?» አልኋት ልጃቸውን።

«ማክሰኞ ሳምንት ሆነው።»

የንብረት መረከቢያ ቅጽ አውጥቼ መሙላት ጀመርሁ። ቅጹ «የዕቃው ሁኔታ» የሚል ሣጥን አለው። እዚያ ስደርስ እጄ ቆመ። ቆይቼ «ጫፉ አሥር ሳንቲ ሜትር ይጎድለዋል» ብዬ ጻፍሁ። እንባዬ የመጣው ይኼኔ ነው።

አያ ማሩ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤታችን የሜትር ጫፍ ያዥ ነበሩ። ወረቀት ላይ «የልኬት ረዳት» ይባላሉ፤ እሳቸው ግን ሥራቸውን ሲጠየቁ «ገመድ ጣይ ነኝ» ነበር የሚሉት፤ አባታቸው በገመድ መሬት ይለኩ ነበርና። ቁመታቸው አጭር፣ እርምጃቸው ፈጣን ነው። ክረምት ከበጋ ኮንጎ ጫማ ያደርጋሉ። ከዝግባ ማርያም ቀበሌ ዳባት ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ዳገት ወጥተው፣ እኔ መስኮት ሳልከፍት በር ላይ ቆመው አገኛቸዋለሁ።

የሜትሩ ጫፍ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ድንጋይ መካከል ተይዞ ተቆርጧል። የቀረው ከአሥር ይጀምራል። ስለዚህ አያ ማሩ ጫፉን መሬት ባስነኩ ቁጥር «አሥር!» ብለው ይጮኻሉ፤ ከወዲያ ያለው ባለሙያ ካነበበው ላይ አሥር ይቀንሳል። ድምፃቸው ከሰውነታቸው ጋር አይመጣጠንም፤ ሸለቆ ያሻግራል። አገሩ ሁሉ ስማቸውን ትቶ «አያ አሥር» ይላቸው ነበር። አንድ ቀን ለምን አዲስ ሜትር እንደማይጠይቁ ጠየቅኋቸው።

«ጉድለቱን ካወቅሽለት ሜትር አይዋሽም» አሉኝ። «የሚዋሸው ሙሉ ነኝ የሚለው ነው።»

ረጅም መስመር ሲለኩ፣ ሜትሩ ተዘርግቶ ባለቀ ቁጥር አንድ የገብስ ቆሎ ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ያዛውራሉ፤ በመጨረሻ የቀኙ ኪስ ይቆጠራል። አንድ ቀን ከደጋው ብርድ ጋር ስንታገል ውለን ባለሙያው «ስንት ሆነ አያ ማሩ?» ሲላቸው ኪሳቸውን ዳበሱ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ጌታው፣ ይቅር በለኝ» አሉ። «ቆጠራውን በላሁት።»

ያን ቀን ዳገቱን እንደ ገና ለካነው። ከዚያ ወዲህ የሚቆጥሩት በጥሬ ባቄላ ሆነ። «ጥርሴ የማይደፍረው ይሻላል» ይሉ ነበር።

እኔ ከደባርቅ በታች ባለ አንድ መንደር ነው የተወለድሁ። እስከ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ እንስራ እንጂ ደብተር አልተሸከምሁም። ፊደል የቆጠርሁት ከትከሻዬ በታች ከሆኑ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ አላውቅም፣ የተጻፈ ነገር ላይ ቀልድ አልወድም። ባሕር መዝገቡ ላይ ስጽፍ መስመር አላስትም፤ ባዶ ሣጥንም አልተውም። አያ ማሩ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው እያዩ «መሪጌታዋ» ይሉኛል። «መሪጌታዋ፣ አንቺ ባዶ ሣጥን ስታዪ ሆድሽን ይቆርጥሻል።»

መሬት ልኬት ላይ ወጥተን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። የመሬት ድንበር የሚያሳዩት ወንዶች ናቸው፤ አዋሳኝ ጎረቤቶች ይሰበሰባሉ፣ ሽማግሌ ይምላል፣ ይለካል። ልኬቱ ወንዝ ላይ ሲደርስ ግን አያ ማሩ ጫፉን ይዘው ይቆማሉ። ወንዶቹን ያልፏቸዋል። ውኃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ፈልገው፣ እንስራ ትያዝ ጀሪካን፣ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሡና፣

«እታለም፣ ውኃው የት ይተኛል?» ይሏታል።

በመጀመሪያው ጊዜ ጥያቄው አልገባኝም ነበር። በኋላ ነገሩኝ። «ወንዝ በበጋ ይሄዳል፤ በክረምት ይደክመዋል፤ ይጋደማል። ሰው ቤት መደብ እንዳለ ወንዝም መደብ አለው። ያ ነው ጨፌ። ወንድ ወንዝን የሚያውቀው ሲሻገር ነው። ነሐሴ ላይ እግሯ የት ድረስ እንደሚረጥብ የምታውቀው ውኃ የምትቀዳዋ ናት።»

ያን ጊዜ ነሐሴ ላይ እንስራዬን የማሳርፍባት አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ትዝ አለችኝ። ማንም ሰው ስለዚያች ድንጋይ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የዝግባ ማርያም የመስክ ወረቀት ወደ ጠረጴዛዬ ሲመጣ አያ ማሩ ታመው ከልኬቱ ቀርተው ነበር። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ዳር ያለ ሰፊ ቦታ «ጨፌ» ተብሎ ተጽፏል። የመሬት አጠቃቀም ሣጥኑ ደግሞ የሚቀበለው ከዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፦ እርሻ፣ ግጦሽ፣ ደን፣ መኖሪያ፣ ጥቅም ላይ ያልዋለ። ጨፌ የለም። ግጦሽ እንዳልል በክረምት ከብት አይገባበትም የሚል ማስታወሻ አለ። እርሻ አይደለም። ደን አይደለም። ባዶ እንዳልተው ተፈጥሮዬ አልፈቀደልኝም። «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ብዬ ጻፍሁ። በጥሩ እጅ ጽሑፍ።

መጋቢት ላይ ቀበሌው ጥቅም ላይ ያልዋሉ መሬቶችን መሬት ለሌላቸው ለተደራጁ ወጣቶች ለማከፋፈል የስም ዝርዝር ለጠፈ። አያ ማሩ በማግሥቱ መጡ። እንደ ወትሮው አልቀለዱም። ከጠረጴዛዬ ፊት ያለውን አግዳሚ ስበው ተቀመጡ።

«መሪጌታዋ፣ የጥቁር ውኃን ጨፌ ጥቅም የለውም ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«ልጄ ቢሰማ ይመርቅሽ ነበር።»

«ለምን?»

«ልጄ አዲሱ መሬት ከተመደበላቸው ስምንት ወጣቶች አንዱ ነው። ስሙ ሦስተኛ ላይ አለ። ሁለት ጥማድ ደርሶታል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የኔ መሬት ለእኔም አይበቃ፤ ሚስት ያላገባው በዚህ ነው።» ኮንጎ ጫማቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ በዱላቸው ጫፍ ፈቀፈቁ። «ሌሊቱን ሙሉ ዝም ልበል ወይስ ልናገር እያልሁ አደርሁ።»

«ታዲያ ምን ወሰኑ?»

«ይኸው መጣሁ አይደል!»

ጨፌው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ በደንብ ነገሩኝ። ሰኔ ሲገባ ይዘጋል፤ ወንዙ ይተኛበታል። በመስቀል ማግሥት ይከፈታል። መጀመሪያ የሚያጭዱት ባል የሞተባቸው ሴቶች ናቸው፤ ከዚያ ባለ በሬዎቹ በየተራ። ግንቦት ላይ አገሩ ሁሉ ሲያር እዚያ ብቻ ለምለም ይቀራል፤ የእርሻ በሬ ለሰኔ ጉልበት የሚያገኘው ከዚያ ነው። ከታረሰ ግን ሥሩ ይነቀላል፣ ወንዙ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፣ ከታች ያለውንም እርሻ ይቆርጣል። ይህን ሁሉ እኔ በሦስት ቃል ዘግቼዋለሁ።

ወደ ኃላፊያችን ገብቼ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። ኃላፊው ቸኩሎ የሚናገር፣ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። «ስምንት ወጣት መሬት አገኛችሁ ተብለዋል፤ አሁን በምን አፌ ላስቀር?» አለ። ከዚያ «እሺ፣ ራሴ ሄጄ አየዋለሁ» አለ። ስወጣ አያ ማሩ በር ላይ ነበሩ። «ጉድለቱን ካወቅሽለት» ብቻ ብለው ቀሪውን ተዉት።

ሚያዝያ ላይ፣ ከሰሙነ ሕማማት በፊት ባለው ሳምንት ዝግባ ማርያም ወረድን። ሕዝቡ በሁለት ተከፍሎ ቆሟል፤ ባለ በሬዎቹ በአንድ ወገን፣ ስምንቱ ወጣቶች በአንድ ወገን። አዲሱን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ በቁመት አባቱን ይበልጣል፣ ዓይኑ ግን የአባቱ ነው። ጨፌው ከዳር እስከ ዳር ለምለም ነበር። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አፈር ዘገነና በመዳፉ አሸው።

«እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር ጦም ይደር?» አለ።

«ጌታው፣ ጦም ያደረ አይደለም» አሉ አያ ማሩ። «ጾም የያዘ ነው። ጦም ያደረ ሲያገኝ ይበላል፤ ጾም የያዘ ግን መፍቻው ቀን አለው።»

ሰው ሳቀ፤ አዲሱ አልሳቀም። «አባባ» አለ፣ «ዕድሜህን የሰው ድንበር ስታስከብር ኖርህ። ለኔ አንድ ቀን ዝም ብትልልኝ ምን ነበር?»

አያ ማሩ ዞር ብለው ዳር ከቆሙት ሴቶች መካከል እማማ ደብሬን ፈለጉ፤ በዚያ መንደር ከወንዙ ውኃ በመቅዳት እሷን የሚበልጣት የለም። እጅ ነሡና «እታለም፣ ውኃው የት ይተኛል?» አሏት።

«ዛሬ ገና በሰው ፊት ተጠየቅሁ!» አለች እማማ ደብሬ። መቋሚያዋን ይዛ መራመድ ጀመረች። ሌሎቹም ሴቶች ተከተሏት። በየደረሱበት አንዳንድ ድንጋይ ያስቀምጣሉ፤ ይከራከራሉ። «እዚህ ነው።» «አይ እቴ፣ እዚህማ ያረገዝሁ ጊዜ ደርቆ ነበር የተቀመጥሁበት።» «ያ ዓመት ዝናቡ መቼ ነበረ!» ሲጨርሱ ድንጋዮቹ ከወንዙ ጎን ለጎን ጠመዝማዛ መስመር ሠሩ።

ያኔ ነው ማንም ያልጠበቀው ነገር የታየው። መስመሩ ጨፌውን ሁሉ አልያዘም። ከላይ፣ ከዳገቱ እግር ሥር፣ ረጅም ጠባብ መሬት ከድንጋዮቹ ውጭ ቀርቷል። ከባለ በሬዎቹ አንዱ፣ ጋቢ የለበሱ ትልቅ ሰው፣ ጮኹ።

«ማሩ! ያም ጨፌ ነው እንጂ!»

«ውኃ ተኝቶበት ያውቃል?»

«ከብት ተኝቶበታል!»

«ከብትማ ከቤትህም ይተኛል» አሉ አያ ማሩ። «ቤትህ ጨፌ ነው?»

ሜትራቸውን ዘረጉ። «አሥር!» ድምፃቸው ማዶ ገደል ደርሶ ተመለሰ። ባለሙያው ያነባል፣ ይቀንሳል፤ እኔ እጽፋለሁ። ባቄላው ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ይዞራል። በልጃቸው ላይም፣ በጎረቤቶቻቸው ላይም እኩል ለኩ። ከድንጋዮቹ ውጭ የቀረው ሦስት ጥማድ መጣ። ስምንቱ ወጣቶች ከተካፈሉት ለአንድ ሰው የጥማድ እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ኃላፊው ያን ለወጣቶቹ፣ ከድንጋዮቹ ወዲህ ያለውን ለጨፌው ወሰነ። ከሁለቱም ወገን ያመሰገናቸው አልነበረም። ባለ በሬዎቹ «ግጦሻችንን ቆረጠብን» አሉ። አዲሱ ዘወር ሳይል ዳገቱን ወጣ።

እኔ የማስተካክለው መዝገብ ነበረኝ። ዝርዝሩ አሁንም ጨፌ የሚል ቃል ስለሌለው በይዞታ ዓይነቱ ሣጥን «የወል መሬት» ከሚለው ሥር አስገባሁትና «ምርመራ» በሚለው ዓምድ ላይ ትርጉሙን ልጽፍ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ። አያ ማሩ ነገሩኝ፣ ጻፍሁ። ከዚያ ለሁሉም አነበብሁት፦ «ጨፌ፦ ወንዙ በክረምት የሚተኛበት የማይታረስ መሬት።»

«አይሆንም» አለች እማማ ደብሬ። «የማይታረስ ብቻ ብለሽ አትተዪው የኔ እመቤት። የሚታጨድም በዪበት። የማይደረገውን ብቻ ያነበበ ሰው ባዶ ይመስለዋል።»

እንደ እኔ ማለቷ ነው፤ አላወቀችም እንጂ። ደመሰስሁና እንደ ገና ጻፍሁ፦ «ወንዙ በክረምት የሚተኛበት፣ በመስቀል ማግሥት የሚከፈት፣ ባል የሞተባቸው ቀድመው የሚያጭዱት፣ በሬ ለሰኔ የሚደርስበት፣ የማይታረስ።» ከዓምዱ አልፎ ኅዳጉ ላይ ፈሰሰ። በሕይወቴ መስመር ያሳትሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አያ ማሩ አንገታቸውን አስግገው አዩና «ይተኛበት እንጂ መሪጌታዋ» አሉኝ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ዳገቱ፣ አዲሱ ወደ ሄደበት መለሱ።

ያን ዓመት አባትና ልጅ ፋሲካን አብረው አልፈሰኩም። አዲሱ አክስቱ ቤት ገባ። አያ ማሩ ይህን ያጫወቱኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በማግሥቱም እንደ ወትሮው መስኮቴን ሳልከፍት በር ላይ ነበሩ። ቀልዱ ግን ቀነሰ። ባቄላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጡበት ቀን በዛ። እኔም ማጽናናት አላውቅበትም፤ አጠገባቸው ወረቀቴን እሠራለሁ።

አዲሱ በደረሰችው ቁራጭ መሬት ላይ ነጭ ሽንኩርት ተከለ። ነሐሴ መጣ። ጥቁር ውኃ ሞልቶ ወጣና ጨፌው ላይ ተጋደመ፤ በዝርዝሩ መሠረት የአዲሱ ሁለት ጥማድ ይሆን የነበረው ቦታ ከውኃ በታች ሆነ። ውኃው ከሴቶቹ ድንጋዮች ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ሽንኩርቱ ከላይ በደረቅ ላይ ነው። አዲሱ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ዳር ላይ ቆሞ ውኃውን ሲያይ አረፈደ አሉ። ከዚያ በቀጥታ ወደ አባቱ ቤት ሄደ። ስለ መሬቱም ስለ ጠቡም አላነሣም። «አባባ፣ ነገ ልኬት ካለህ ሜትሩን ልሸከምልህ?» ብቻ አለ።

አያ ማሩ ይህን ሲነግሩኝ ኪሳቸውን ከፍተው ሙሉ እፍኝ ቆሎ ጠረጴዛዬ ላይ አፈሰሱ። «ዛሬ የምቆጥረው የለኝም፤ ብዪ» አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት ልጃቸው የመረከቢያውን ቅጂ ተቀብላ ልትወጣ ስትል ተመለሰች። ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ ሦስት ራስ ነጭ ሽንኩርት አስቀመጠችልኝ። «አዲሱ ነው የላከልሽ። አሁን ባለ ትዳር ሆኗል፤ ባለፈው ወር ወንድ ልጅ ወልዷል። አባባ አቅፎት ነው የሞተ።»

ሜትሩን መጋዘን አላስገባሁትም። ለኃላፊው ነገርሁትና ፈቀደልኝ። ሰኞ ዕለት ከደባርቅ በታች ወዳለ ቀበሌ ለማጣራት ስንወጣ ይዤው ወጣሁ። አብሮኝ ያለው ወጣት ባለሙያ ታብሌቱን አሳየኝ።

«ምን ያደርግልናል? የወንዙ ዳር ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል» አለኝ።

«ፎቶው በየትኛው ወር ነው የተነሣው?»

አየና «ጥር» አለ።

ወደ ወንዙ ወረድሁ። ሦስት ሴቶች ጀሪካን እየሞሉ ነበር። እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር አይሆንልኝም፤ ግን ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና ጥያቄውን ጠየቅሁ። እርስ በርሳቸው ተያይተው ሳቁ። ከዚያ አንደኛዋ ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ነይ ላሳይሽ» አለችኝ።

እሷ በቆመችበት የሜትሩን ጫፍ መሬት አስነካሁ። ባለሙያው ከወዲያ ጫፍ ይዞ ይጠብቃል። ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ትምህርት ቤትም እጄን ነበር የማወጣው እንጂ አልናገርም ነበር። ትንፋሼን ሳብሁና፣

«አሥር!» ብዬ ጮኽሁ።

ከወንዙ ማዶ ሣር የሚያጭድ አንድ ገበሬ ቀና አለ። ማጭዱን እንደያዘ፣ በእጁ ፀሐይዋን ከልሎ ወደኛ ሲያይ ቆየና ተጣራ።

«አያ አሥር መጡ እንዴ?»

የለም ማለት አቃተኝ።

«ሜትራቸው መጥቷል!» አልሁት።